አንዴ ብቻ የጠየቀ መምህር

አንዲት ቅቤ ነጋዴ ኮሌጅ ልትገባ ሄዳ ደጅ ቆማ ቀረች። ውይ፣ ሆዴን! እስቲ ሳቁ ይብረድልኝና ልቀጥል። ደግሞ ዋናው ነገር መጨረሻው ላይ ነው፤ ጠብቁኝ።

ስሟ አመልማል ነው። እናቷ የሞተችባት ገና ተማሪ ሳለች ነበር። ደብተሯን አስቀምጣ ታናናሾቿን በቅቤ ንግድ አሳደገች፣ አስተማረች። ሲመረቁ አበባ ይዛ ከሰው ሁሉ በላይ አለቀሰች። ያየ ሁሉ «የደስታ ነው» አለ። እውነት ነው፣ ግማሹ የደስታ ነበር። ሌላውን ግማሽ የሚያውቀው ትራሷ ነው። ነርስ መሆን ነበር ምኞቷ።

ታዲያ በከተማው ለትልልቅ ሰዎች የሚሆን ኮሌጅ ተከፈተ። ካቆሙበት ያስጀምራል፤ ክፍያ የሚባል ነገር የለውም። መምህሩ ከሩቅ አገር የመጣ ደግ ሰው ነው። አንድ ጉድለት ብቻ አለበት፦ ሰው የነገረውን ያምናል።

አመልማል ደህናውን ቀሚሷን ለብሳ ሄደች። መምህሩ በሩ ላይ ቆሟል።

«ይግቡ እናቴ፣ ይማሩ።»

«አይ፣ ይቅርብኝ። እንዲሁ ሳልፍ ነው።»

መምህሩ እጅ ነስቶ «እንደ ፈቃድዎ» አለና ገባ!

እሷ ክው ብላ ቀረች። በእሷ አገር እኮ እንዲህ አይደለም። ድግስ ላይ እንኳ ሰው አንጀቱ እየጮኸ «አሁን በልቼ መጣሁ» ይላል። «በሞቴ» ይባላል፣ እጁን ይጎተታል፣ ያኔ «እንግዲህ ካላችሁ» ብሎ ይቀመጣል። ዞር ስትል ጎረቤቷ ጥሩዬ መስኮቱ ሥር ቆማለች። ፀጉር አስተካካዩ ጋሽ ብርቁም አለ። ሁሉም አንዴ እምቢ ብለው ልመና የሚጠብቁ ናቸው። ሳምንቱ እንዲሁ አለቀ፤ እነሱ እስኪለምናቸው ሲጠብቁ፣ እሱ ሐሳባቸውን እስኪለውጡ ሲጠብቅ። ውስጥ ወንበሩ ባዶ፣ ውጭ ሰው ሙሉ።

አርብ ዕለት መምህሩ ሻንጣውን አንጠልጥሎ ጓጉንቸር ይዞ ወጣ።

«ለካ መማር የሚፈልግ የለም» አለ፣ ዓይኑ እንባ አቅርሮ። «እኔም ወደ አገሬ ልመለስ።»

ጓጉንቸሩ ሲንቋቋ የአመልማል ልብ ስንጥቅ አለ። ይሄ በር ከተቆለፈ በዕድሜዋ ሌላ አይከፈትላትም።

«ኧረ ቆይ! እኔ እማራለሁ!»

«ይቅርብኝ ብለውኝ አልነበረም?»

«አንዴ ነዋ የጠየቅኸኝ! አንተ ልጅ፣ ጨዋ ሰው አንዴ ሲጠይቁት እሺ ይላል እንዴ?»

መምህሩ አፉን ከፍቶ አያት። ከዚያ ሳቀ፣ እንባው እስኪወርድ ሳቀ። ሻንጣውን ጥሎ ክንዷን ያዘ።

«እንግዲያው ከዛሬ ጀምሮ እስኪሰለቻችሁ እለምናለሁ። እናቴ፣ እባክዎ ይግቡልኝ።»

እንደ ደንቡ «አይ» ልትል ነበር። ምላሷ ጫፍ ላይ ደርሶ ዋጥ አደረገችው። ገባች። ሄዳ ፊት ወንበር ላይ ቁጭ አለች።

እናንተዬ፣ በር የከፈታችሁ ሁለቴም ሦስቴም ጠይቁ፤ የእኛ ሰው ረሃቡን ደብቆ ነው ያደገው። ደጅ የቆማችሁትስ? የቱን ልመና ነው የምትጠብቁት? ጥሩዬ በመስኮቱ አንገቷን አስግጋ «እኔስ በዚህ ዕድሜዬ ይቅርብኝ» ስትል፣ አመልማል ከተቀመጠችበት ዞራ እንዲህ አለቻት፦

«እህቴ፣ ለምግብ ሲሆን ይሉኝታው ያምርብሻል፤ ምግብ ነገም ይበላል። ዕድሜ ግን ቆሞ አይለምንሽም። ነይ ግቢ!»