ያላደጉት የቢንቢ ልጆች

ተረት ተረት ስላችሁ «የኩሬ ዳር» በሉኝ።

አንዲት ኩሩ ቢንቢ ኩሬ ውስጥ እንቁላሏን ጣለች። አምና ሰዎች መርዝ ረጭተው ዓሣና እንቁራሪት ሲያልቅ፣ እሷን የሚበላ ጠፍቶ ዘሯ በዝቶ ነበር። ዘንድሮ ሰዎቹ የኒም ዛፍ መራራ ፍሬ ወቅጠው ኩሬው ውስጥ ሲበትኑ አይታ ሳቀች።

«መርዙ ያልቻለኝን ፍሬ ሊችለኝ?»

ልጆቿ ተፈለፈሉ። ክንፍ የሚያወጡበት ቀን ግን እንዲሁ መጥቶ አለፈ። ከአምናው መርዝ የተረፈች አንዲት እንቁራሪት ግን በዚያው ውሃ ምንም ሳትሆን ትዋኛለች።

«አንተ መራራ፣ ልጆቼን ገደልካቸው?» አለች ቢንቢዋ።

«ምን በወጣኝ!» አለ ፍሬው ከውሃው ሥር፣ በለሆሳስ። «አትደጉ ብቻ ነው ያልኳቸው።»

ዝቅ ብላ አዳመጠች።

«እማዬ፣ ዛሬም ልጆች ነን እንዴ?» አሏት ልጆቿ ከውሃው ውስጥ በቀጭን ድምፅ።

በማግስቱም መጣች። እንደ ትናንቱ የሚጠይቃት ልጅ ግን አልነበረም።