ቀድሞ ያስያዘው የጨው ነጋዴ

አንድ ነጋዴ ነበረ። ጥያቄህን ሸሽቼ አይደለም ይርዳው፣ ቁጭ በል። ጎረቤትህን «ድንበሬን እስከ ነገ ካልመለስክ ደምህን አፈሳለሁ» ብለህ ላክህበት። እሱም «ና፣ እጠብቅሃለሁ» ብሎ መለሰልህ። አሁን ፈርተህ እኔ ዘንድ መጥተህ «አባባ፣ አንዴ ከተናገርኩ በኋላ ብመለስ ሰው ምን ይለኛል?» አልከኝ። እንግዲያው ስማኝ።

ይህ ነጋዴ ከቆላ ጨው በበቅሎ እየጫነ ደጋ የሚያወጣ ሰው ነበረ። ካርታ ይወዳል። የሚጫወቱት እንዲህ ነው፤ ካርታው ይታደላል፣ ሁሉም የደረሰውን ደረቱ ላይ ለጥፎ ይይዛል፣ ከዚያ በየተራ ገንዘብ ወይም ዕቃ ለውርርድ ያስይዛሉ። ሌላው ያስያዘውን ያህል ማስያዝ ያልፈለገ ካርታውን ጥሎ ይወጣል፤ እስከዚያ ያስያዘው ግን ይቀርበታል። እስከ መጨረሻው የቆዩት ካርታቸውን ይገልጣሉ፣ የበለጠው ሁሉንም ጠቅልሎ ይወስዳል።

ነጋዴው ብልሃት አለኝ ይል ነበር። የመጀመሪያው ተራ የሱ ሲሆን፣ የደረሰው ካርታ ምንም ይሁን ምን፣ ብዙ ያስይዛል። ሌሎቹ ይደነግጡና ይጥላሉ። ደፋር ነው ብለህ እንዳታሞግስልኝ፤ ፈሪ ነበረ። የሰው ፊት እያየ ተራ መጠበቅ ስለሚያስጨንቀው ቶሎ ተናግሮ መገላገል ይፈልጋል። ከሱ በኋላ የሚናገሩት ምን እንደያዙ ሳያውቅ ያለውን አስቀድሞ ይዘረግፋል።

አንድ ክረምት ወንዝ ሞልቶ መንገደኛ ሁሉ ወንዙ ዳር ካለ ዳስ ተጠለለ። ካርታ ታደለ። ነጋዴው የደረሰውን አየ፣ የማይረባ ነበር። እንደ ልማዱ ገና ማንም ትንፍሽ ሳይል «አንድ ጭነት ጨው!» አለ። ሁሉም ጣሉ። ጥግ ይዞ የተቀመጠ አንድ የከብት ነጋዴ ብቻ፣ ከዚያ በፊት ማንም አይቶት የማያውቅ ሰው፣ ረጋ ብሎ «አንድ ወይፈን» አለ፤ ይህ ከጨው ጭነቱ ይበልጣል።

ነጋዴው ያን ጊዜ ቢጥል የሚያጣው አንድ ጭነት ነበር። ግን አፈረ። ሲፈሩት ለኖረ ሰው ከባድ ነው። ድምፁን ከፍ አድርጎ «የቀረውን ጨው ሁሉ!» አለ።

«ይሁን» አለ የከብት ነጋዴው። «ከብቶቼን በሙሉ አስይዣለሁ። አንተም በቅሎዎችህን ጨምር።»

ነጋዴው ሰውየው ምን እንደያዘ ለማወቅ ዓይን ዓይኑን ቢያየው ፊቱ ላይ ምንም የለም። ውጭ ወንዙ ያጓራል። ከአንገቱ የወረደው ላብ ሸሚዙን አጣበቀው። በቅሎዎቹ ከሄዱ ንግድ የለም፣ ንግድ ከሌለ ልጆቹ የሚበሉት የለም። ይህን እያወቀም አፉ «ይሁን» ሊል ተከፍቶ ነበር። ልጄ፣ ይህ ነው የሚያስፈራው፤ ሰው ጥፋቱን እያየ፣ ቀድሞ ስለተናገረው ቃል ሲል ብቻ ወደ ጥፋቱ መሄዱ።

ነጋዴው ካርታውን ደፍቶ መሬት ላይ አስቀመጠ። «ወጥቻለሁ» አለ።

ዳሱ በሳቅ ተናወጠ። «የኛ ጀግና!» አሉት። ወንዙ ሲጎድል በቅሎዎቹን ባዶ ጀርባቸውን እየነዳ ወደ ቤቱ ሄደ፤ መንገዱን ሙሉ አለቀሰ።

«ያ ሰውዬ ምን ይዞ ነበር?» ልትለኝ ነው። አላውቅም። ነጋዴውም ሳያውቅ ሞተ፤ ዕድሜውን ሙሉ ሲያብሰለስለው ኖረ። ምናልባት ሰውየውም ባዶ ነበር። ነገር ግን ያንን ለማየት የሚከፈለው የልጆቹ እንጀራ ነበር።

አንተም ልጄ እንደዚያ ነጋዴ ነህ። ጎረቤትህ ምን እንዳሰበ፣ ምን እንደያዘ ሳታውቅ ቀድመህ ትልቁን ቃል አወጣህ። እስካሁን ያስያዝከው ስምህን ነው፤ እሱ ቀርቶብሃል፣ አትመልሰውም። ነገ የምታስይዘው ግን ነፍስህን ነው። ጎረቤትህ «ና» ያለህ ጥይት አጉርሶ ይሁን ወይስ እንዳንተ እየፈራ፣ እኔ አላውቅም። አንተም የምታውቀው ደጁ ስትደርስ ነው፤ ያን ጊዜ ደግሞ ማወቁ አይጠቅምህም።

ሰው ምን ይለኛል አልከኝ። ፈሪ ይልሃል። ገበያ ላይ ይስቁብሃል፤ አያምም ብዬ አልዋሽህም። ሚስትህ ግን ከል አትለብስም።

ጠዋት ጎረቤትህ ዘንድ ለሽምግልና ቀድሜ የምሄደው እኔ ነኝ። አንተ ባዶ እጅህን ከኋላዬ ትመጣለህ። አትፍራ አልልህም። እኔም እፈራለሁ።