ሁለተኛው ትልም

አንድ ገበሬ ነበረ፤ በሬው ግን አንድ ብቻ ነበር። ስንዱ፣ ጥያቄሽን አልረሳሁትም። በሠንጠረዡ የመጀመሪያ ረድፍ ሁለት ገብቶ አራት ከወጣ ሕጉን አገኘሁት ማለት ነው፣ የቀረውን ረድፍ ለምን ልልፋበት ብለሽኛል። ደብተርሽንም ከድነሽ፣ ሒሳብ ለእኔ አልተፈጠረም ብለሽ አኩርፈሻል። አኩርፊ፣ ግድ የለም፤ ብቻ እያኮረፍሽ ስሚኝ።

ይህ ገበሬ በአንድ በሬ ማረስ አይሆንለትምና ቅንጃ ይፈልግ ነበር። አንድ አንድ በሬ ያላቸው ሁለት ሰዎች በሬዎቻቸውን በአንድ ቀንበር ጠምደው፣ ዛሬ የአንዱን ነገ የሌላውን መሬት ሲያርሱ ተቀናጁ ይባላል። ሽማግሌ ከመረቃቸው በኋላ ግን ዘር ተዘርቶ እስኪያበቃ መለያየት ነውር ነው። የማይስማማ ቅንጃ የደረሰው ሰው ዓመቱን ሙሉ መከራውን ያያል። ገበሬው ደግሞ አምና ደርሶበታል። የመሬቱ ግማሽ ጦም አድሮበት፣ ልጆቹን በየዘመዱ ቤት በትኖ ነው የከረመው። ዘንድሮም ከተደገመ አገር ጥሎ መሄዱ ነው።

ሦስት ጎረቤቶች በሬ አመጡለት። ቀጥቃጩ ጥቁር በሬ፣ አንዲት ባልቴት ዳለቻ በሬ፣ ሸማኔው ደግሞ ቀይ በሬ። በዚያ አገር ልማድ በሬ የሚፈተነው አንድ ትልም ብቻ በማሳረስ ነው። ሽማግሌዎች ከማሳው ዳር ተቀምጠው ያያሉ፤ ከባለማሳው በሬ እኩል ከሄደ ተነሥተው ይመርቃሉ። በዚያ ፀሐይ ማን ሁለተኛ ትልም ቁጭ ብሎ ያያል?

በሬዎቹ ተራ በተራ ተጠመዱ። ሦስቱም ከገበሬው በሬ እኩል ሄዱ፤ ቀንበሩ ዝንፍ አላለም። ገበሬው ግራ ገባው። መጨረሻ የተጠመደው ቀዩ ነበረ፤ ቀንዱም ያማረ ነውና፣ እኩል ከሆኑማ መልከ መልካሙን ልያዝ ብሎ እሱን መረጠ። ሽማግሌዎቹ ተነሥተው እጃቸውን ዘረጉ።

የገበሬው በሬ ግን ስለ ምርቃት የሚያውቀው ነገር የለም። የሚያውቀው ትልም ሲያልቅ መዞርን ነው። ማንም ሳያዘው ዞረና ሁለተኛውን ትልም ጀመረ። ቀዩ በሬ በመጀመሪያው ትልም ገና ሰውነቱን እያሟሟቀ ኖሯል፤ አሁን ሞቀው። ወደ ፊት ተፈተለከ፤ ቀንበሩ ተጣመመ፤ ማረሻው ከመሬት ወጥቶ ነፋስ ያርስ ጀመር። ገበሬው እርፉን እንደጨበጠ ከኋላ ይሮጣል። ሽማግሌዎቹ የዘረጉትን እጅ ሰብስበው ሆዳቸውን ይዘው ሳቁ፤ ባለበሬው ሸማኔ ሳይቀር ሳቀ።

ገበሬው ትንፋሹ ሲመለስለት አልሳቀም። «አባቶቼ፣ ምርቃቱን ያዙልኝ» አላቸው። «ልጆቼ አምና የት እንደከረሙ ታውቃላችሁ። ሁሉንም እስከ ሦስተኛው ትልም ልያቸው።»

አንዱ ሽማግሌ ቀና ብሎ ፀሐዩን እያየ አጉረመረመ፤ ቢሆንም ተቀመጡ። ጥቁሩ በሬ በሁለተኛው ትልም ወደ ኋላ ቀረ፤ በሦስተኛውማ ጭራሽ የገበሬው በሬ ይጎትተው ነበር። ዳለቻው ግን በሁለተኛውም በሦስተኛውም እኩል ሄደ። ገበሬው ደስታው ቢበዛበት ዓይኑ እንባ አቅርሮ የባልቴቷን ጉልበት ሳመ። እሳቸውም፣ እንግዲያውስ የእኔም መሬት ዘንድሮ ታረሰልኝ ብለው እልል አሉ። ቀዩ በሬ ኋላ እንደ እሱ የሚጋልብ ወይፈን ካለው ሰው ጋር ተቀናጀ፤ ጥቁሩም ረጋ ብሎ የሚሄድ አሮጌ በሬ ካላቸው አዛውንት ጋር። ያን ሰሞን ሦስት ቦታ ተመረቀ፤ ሦስት ቦታም ተበላ ተጠጣ። ልጆቹም ከየዘመዱ ቤት ተሰብስበው ገቡ።

እንግዲህ ስንዱ፣ ገበሬው አንቺ ነሽ። በእጅሽ ያለው በሬ ሠንጠረዡ ነው፤ ሊጠመዱ የመጡት ደግሞ ሕጎቹ። ሁለት ላይ ሁለት ብትደምሪ አራት ነው። ሁለትን እጥፍ ብታደርጊው አራት ነው። ሁለትን በራሱ ብታባዢውም ያው አራት ነው። በመጀመሪያው ትልም ሦስቱም እኩል ከሄዱ አንቺ በምን ለየሻቸው? እኔ ልንገርሽ፤ አናቱ ላይ ትንሽ ሁለት የተሸከመውን አይተሽ ቀንዱ አማረሽ። አሁን ወደ ሦስት ዙሪ። ሁለት የሚደምረው አምስት ላይ ቀረ፤ በራሱ የሚያባዛው ዘጠኝ ላይ ሮጠ። ሠንጠረዥሽ ግን ስድስት ይላል። አምስት ሲገባም አሥር ይላል። እጥፍ የሚያደርገው ነው እንግዲህ ከእሱ ጋር የሚጠመደው። ሌሎቹንም እንዳትጥያቸው፤ በደብተርሽ ከታች ያሉት ሁለት ሠንጠረዦች እነሱን ነው የሚጠብቁት።

ደግሞ አንድ ነገር ልንገርሽና ኩርፊያሽን ተዪው። ሁለት ገብቶ አራት ሲወጣ ገጠመ ማለትሽ ትክክል ነበር። እኔ ኤክስ ያደረግሁብሽ ስላላወቅሽ አይደለም፤ ቶሎ ስላቆምሽ ነው። ሒሳብማ ለአንቺም ተፈጥሯል፤ የቀረሽ አንድ ረድፍ ብቻ ነበር።