የጨው ነጋዴው ድድና ጠያቂዎቹ

አንድ የጨው ነጋዴ በከተማው ሁሉ ይወደድ ነበር። የሚወደድበት ምክንያት ግልጽ ነው፤ «እምቢ» የሚል ቃል ከአፉ ወጥቶ አያውቅም። ብላ ሲሉት ይበላል፣ ጠጣ ሲሉት ይጠጣል፣ ለሽምግልና ሲጠሩት ሥራውን ጥሎ ይሄዳል። ሰው ቅር ያለው ከመሰለው እህል አይወርድለትም።

ይህ ሰው የመንጋጋ ጥርሱን ታመመና አንድ አዛውንት ጥርስ ነቃይ ዘንድ ሄደ። አዛውንቱ ጥርሱን ከነሥሩ አውጥተው አሳዩት። «እንግዲህ ጉድጓዱን አትነካካው። ደሙ ረግቶ ይሸፍነዋል፣ ሥጋው በጊዜው ራሱ ይሞላል። ከነገ ጀምሮ ለብ ባለ የጨው ውኃ ቀስ ብለህ ተጉመጥመጥ፤ ሌላ ምንም አታስገባበት» ብለው አሰናበቱት።

በዚያ ከተማ ግን የታመመ ሰው ሳይጠየቅ አያድርም፤ ጠያቂም ባዶ እጁን አይገባም። መጀመሪያ ጎረቤቱ ነጭ ሽንኩርት ወቅጦ መጣ። «ይማርህ! እስቲ አፍህን ክፈት» አለና ሽንኩርቱን ጉድጓዱ ውስጥ ጠቀጠቀለት። ቀጥለው የዕድሩ ዳኛ መጡ፤ «ሽንኩርት ደግሞ ምን ሊረባ!» ብለው አስተፉትና በምትኩ ፌጦ አደረጉበት። የሚስቱ አጎት ፌጦውን በአረቄ አሳጠቡት። ነጋዴው ልክ እንዳልሆነ ልቡ ያውቃል። ነገር ግን «ምን ይሉኛል» እያለ ለመጣው ሁሉ አፉን ይከፍታል።

ከዚያ ራስ ምታት ጀመረው። ከጆሮው ሥር እየተነሣ እስከ ናላው ይወጋዋል። በእንቅርት ላይ ጆሮ ደግፍ ማለት ይኸው ነው። ጉንጩ አበጠ፣ ትኩሳትም ያዘው። ጠያቂዎቹ ተማከሩና «ሥሩ ውስጥ ቀርቶ ነው። አጠገቡ ያለውም ጥርስ ሳይበላሽ አልቀረም፤ ይነቀል» አሉ። ጥርሱ ደህና ነበር። ነጋዴው ግን ለዚህም እሺ አለ።

አዛውንቱ ተጠርተው መጡ። ጎንበስ ብለው አፉን አዩና ቀና አሉ።

«እኔ ጥርስ ነቅዬ ነው የላክሁህ፤ ጓሮ ያለማብህ ማን ነው?»

«ወዳጆቼ ናቸው፣ አባቴ። ለኔው ብለው ነው።»

«አውቃለሁ። ደሙ በረጋ ቁጥር እየጠረጉት አጥንትህ ራቁቱን ቀርቷል። ራስህን የሚወጋህም እሱ ነው። አሁንም ካልተውህ የቁስሉ መርዝ ወደ ደምህ ይገባና ትሞታለህ። ደህና ጥርስ ደግሞ አልነቅልም።»

«ታዲያ መድኃኒቱ ምንድን ነው?»

«እምቢ ማለት።»

ጉድጓዱን አጥበውለት ሄዱ። ነጋዴውን ጥርስ ከመነቀል ይልቅ ይህ ከበደው።

ቀትር ላይ ታላቅ እኅቱ ደረሰች። እናታቸው ከሞቱ ወዲህ አዝላ ያሳደገችው እርሷ ናት። የወንድሟን መታመም ሰምታ ራሷ የወቀጠችውን የመድኃኒት ሥር በቅል ይዛ ከሩቅ አገር በእግሯ መጥታለች።

«ወንድምዬ፣ እኔ ልሙትልህ! በል አፍህን ክፈት።»

ነጋዴው ቅሉን አየ፤ አቧራ የለበሰ እግሯንም አየ። እንባው መጣ።

«እትዬ፣ እምቢ» አለ።

«ምን አልህ?»

«እምቢ። ቁስሉ ይተው። አንቺ ግን አትሂጂብኝ፤ አጠገቤ ተቀመጪ።»

«እኔን? በጀርባዬ አዝዬ ያሳደግሁህን?»

አለቀሰች፤ ተቆጣችም። ነጠላዋን ሰብስባ እስከ በሩ ሄደች። በሩ ላይ ሌሎች ጠያቂዎች ብልቃጥና ቅጠል ይዘው ሲመጡ አገኘቻቸው። ዞር ብላ ወንድሟን አየችው። ያበጠ ጉንጩን በመዳፉ ደግፎ ያያት ነበር። ቅሏን መሬት ላይ አስቀመጠችና ደፍ ላይ ተቀመጠች።

«ተመለሱ» አለቻቸው። «እኔን እንኳ እምቢ ብሎኛል። ለኔ ያልከፈተውን አፍ ለእናንተ ሊከፍት ነው?»

ከዚያ ወዲያ ጠያቂ ሁሉ ከደጅ «ይማርህ» እያለ ይመለስ ጀመር። እብጠቱ ጎደለ፤ ራስ ምታቱም ቀስ በቀስ ለቀቀው፤ ድዱም ገጠመ።

ልብ በሉ፤ ከጠያቂዎቹ አንዱም ክፉ አልነበረም። ቁስል በጠላት እጅ ብቻ አይመረቅዝም፤ በወዳጅ እጅ ብዛትም ይመረቅዛል። የሚያመን ነገር ከተነቀለ በኋላ ቦታው እስኪሽር ጊዜ ይፈልጋል፤ ይህንንም ጊዜ የሚያገኘው ባለቤቱ ነካኪን ሲከለክልለት ነው። ከልቡ የሚወደን ሰው እምቢ ስንለው ያዝን ይሆናል፤ ነገር ግን በራችንን የሚጠብቅልን እርሱ ነው። እናንተስ ቁስላችሁን የምትከፍቱት ለመዳን ነው ወይስ ሰው እንዳይቀየማችሁ?