የትሑቱ ሰው ምንጭ

ማንም ገብቶ በሚጽፍበት የኢንተርኔት ኢንሳይክሎፒዲያ፣ በባለሥልጣኑ በዶክተር አጥናፍሰገድ ገጽ ላይ ጠብ ተነሣ። እሳቸው በገዛ ስማቸው ገብተው «ሙገሳ የማይወዱ ትሑት ሰው ናቸው» ብለው ይጨምራሉ፤ አንድ ሌላ ጸሐፊ «ምንጭ የለውም» ብሎ ይሰርዛል። ነገሩ የተጣሉ ጸሐፊዎችን በነፃ ወደምታስታርቅ አንዲት ሴት ደረሰ፤ እሷም ዶክተሩን ምንጭ ጠየቀች።

ዶክተሩ ስልኳን አፈላልገው ደወሉ። «አንቺ ማነሽና ነው እኔን ምንጭ የምትጠይቂኝ? የተሰረዘውን ዛሬውኑ ካልመለስሽ ከሥራሽ አስባርርሻለሁ!»

«ደመወዝ የሌለው ሥራ ነው ክቡርነትዎ፤ ቢያስባርሩኝ ያሳርፉኛል» አለች። «ግን አስታራቂ ነኝና ሁለታችሁም ደስ ይበላችሁ። ቃሉም ይመለስ፣ ምንጭም ይኑረው።»

«እንዲህ ነው እንጂ! ማንን ልትጠቅሺ ነው?»

«እርስዎን ነዋ! ‹ሙገሳ የማይወዱ ትሑት ሰው ናቸው። ምንጭ፦ ራሳቸው፣ በስልክ፣ እየጮኹ።›»