የእንዳላማው ገበጣና የማዶዋ ወይዘሮ

«ተረት ተረት።»
«የመሠረት።»
ጎሽ። ጠጋ ጠጋ በሉና ስሙኝ።

በድሮ ዘመን ወይራምባ በሚባል አገር እንዳላማው የሚባል ገበሬ ነበረ። እርሻውን እንደ ሰው ሁሉ ያርሳል፤ ገበጣ ላይ ግን አቻ የለውም። ገበጣን ታውቁታላችሁ። እንጨት ላይ ጉድጓድ ጉድጓድ ይፈለፈላል። ጠጠር ይሞላበታል። ከዚያም ጠጠሩን እየዘሩ ሄደው የሌላውን ጠጠር መብላት ነው። ጠጠሩ ያለቀበት ተሸነፈ።

እንዳላማው አንድ ዘዴ ነበረችው። አንዱን ጉድጓድ በጠጠር ያሳብጥና የማያየው ይመስል ፊቱን ያዞራል። ባላጋራው ያን የሰባ ጉድጓድ ሲያይ ምራቁን ይውጣል። እሱን ለመብላት ሲሮጥ የራሱን ደጅ ክፍት ይተወዋል። እንዳላማውም በዚያ ይገባና ጠራርጎ ይበላዋል። ጎረቤቱ ሙጬማ ዛሬ ተበልቶ ይሄዳል፣ ነገ መጥቶ እዚያችው ወጥመድ ይገባል። እንዳላማውም ሳቀና ሳቀና፣ በመጨረሻ ሰው ሁሉ ሙጬ መሰለው።

ከወንዙ ማዶ ደግሞ ግራሮ የሚባል አገር አለ። በሁለቱ መካከል በበጋ ሣሩ የማይደርቅ ጨፌ አለና፣ በየዓመቱ «የእኛ ከብት ይግጥበት፣ የእኛ ይግጥበት» እየተባባሉ በዱላ ይፈነካከታሉ። ሽማግሌዎቹ ቁስል ማጠብ ሰለቻቸውና ተሰበሰቡ።
፦ ከእንግዲህ ዱላ ይብቃ አሉ። ከየአገሩ አንድ ሰው ይውጣና ገበጣ ይጋጠም። ያሸነፈው አገር የዓመቱን ጨፌ ያስግጥ።

ወይራምባዎች በደስታ ፈነጠዙ። እንዳላማው እያለ ማን ይነካናል አሉ።

ቀኑ ደረሰ። ከግራሮ ወይዘሮ አትጠገብ መጣች። ሸምገል ያለች፣ ዝምተኛ፣ ነጠላዋን አጣፍታ የለበሰች ሴት ናት። እንዳላማው አየት አደረጋትና በሆዱ፦ ይህችማ ከምሳ በፊት ታልቃለች አለ። እንደ ልማዱ ጉድጓዱን አሰባና ፊቱን አዞረ።

አትጠገብ የሰባውን ጉድጓድ አየችው። አየችውና ተወችው። በሌላ በኩል ጥቂት ጠጠር ዘርታ እጇን ሰበሰበች። እሱም አላየችውም ይሆናል ብሎ ጉድጓዱን ይበልጥ አሳበጠው። አሁንም ተወችው። አሁንም አሳበጠው። ጠጠሩ ሁሉ አንድ ቦታ ተከማችቶ ሌላው ጉድጓድ ባዶ እስኪቀር ጠበቀችው። ከዚያም ዞራ መጣችና በአንድ ዘር ያንን ሁሉ በላችው። እንዳላማው ገበጣውን አየ፣ እጁን አየ፣ መሬቱን አየ። የሚዘራው ጠጠር የለም።

ያን በጋ የወይራምባ ከብት ሣር ፍለጋ ሩቅ ተነዳ። ላሞች ነጠፉ። ልጆች ወተት ሲሉ እናቶቻቸው ወደ እንዳላማው ቤት ያያሉ። እሱም ማታ ማታ ጀርባውን ለሰው ሰጥቶ ግድግዳ ግድግዳ ያይ ጀመር። ሚስቱ ስንዱ ታገሠች፣ ታገሠችና፦
፦ ግድግዳው ገበጣ አያስተምርህም አለችው። ሂድና ያሸነፉህን ወይዘሮ ጠይቅ።

አፈረ። ግን ሄደ። አትጠገብ ደጃፏ ላይ ጥጥ ስትፈትል አገኛት።
፦ እትዬ፣ በምን አሸነፉኝ?
፦ እኔ መች አሸነፍኩህ ልጄ? ከእኔ ጋር አልተጫወትክም እኮ። አገርህ ከለመድከው ከሌላ ሰው ጋር ስትጫወት እኔ ፊት ለፊትህ ቁጭ ብዬ አየሁህ።

እንዳላማው ሙጬ ትዝ አለውና ሳይወድ ሳቀ። ከዚያ ወዲያ ገበያ በሄደ ቁጥር ወንዙን እየተሻገረ ከእሷ ጋር ይጫወታል። ሁልጊዜ ትበላዋለች። እሱም ይህን ለምን እዚህ ዘራች፣ ያን ለምን ተወች እያለ ማሰብ ተማረ።

ዓመቱ ዞረና የግጥሚያው ጊዜ ደረሰ። ግራሮዎች ግን ጨፌው አጥግቧቸዋል። የአትጠገብ የባሏ ወንድም ጣሰው ተነሣ።
፦ አምና የተሸነፈን ሰው ለመርታት እሳቸውን ምን አደከማቸው? እኔ እበቃዋለሁ አለ።
፦ ያ ሰው የአምናው ሰው አይደለም አለቻቸው አትጠገብ።
አልሰሟትም። ጣሰውን ላኩ።

እንዳላማው ጣሰውን ሲያይ ልቡ ደነገጠ። የእሷ ቤተሰብ ነው፣ ያላስተማረችው የለም ብሎ አሰበ። ጣሰው ጠጠሩን ቶሎ ቶሎ ዘራና አንድ የሰባ ጉድጓድ ክፍት ተወ። እንዳላማው ወጥመድ ነው ብሎ ሸሸው። ጣሰው ሌላም ክፍት ተወ። ይህም የባሰ ወጥመድ ነው ብሎ ሸሸ። እንዲህ ሲሸሽ ሲሸሽ የራሱ ጠጠር እየሳሳ ሄደ። ፀሐይ ከረረች። ወይራምባዎች አንገታቸውን ደፉ። አንዲት ሴት የዘንድሮም ወተት ሄደ ስትል ሰማና ላቡ በጀርባው ወረደ።

ይኼኔ ጣሰው ጠጠሩን በከንፈሩ እየቆጠረ ነበር። ቆጠራው ጠፋበት። እንደገና ጀመረ። አሁንም ጠፋበት። ከዚያም ቀና ብሎ፦
፦ ለመሆኑ ተራው የማን ነው? አለ።

እንዳላማው ያን ጊዜ ገና የሰውዬውን ፊት አየ። ከጠዋት ጀምሮ ያየው ጠጠሩን ብቻ ነበር። ፊቱ ተንኮል የሌለበት፣ የዋህ ፊት ነው። አሻግሮ ሲያይ አትጠገብ ከሰዎቿ መሀል ተቀምጣ በነጠላዋ አፏን ሸፍናለች። ትከሻዋ በሳቅ ይንቀጠቀጣል። እንዳላማውም በሆዱ፦ አምና እሷን ሙጬ አደረግኋት። ዘንድሮ ደግሞ ይህን ምስኪን እሷን አደረግሁት አለ።
፦ ተራው የእኔ ነው ብሎ መለሰና ያን የሰባ ጉድጓድ በላው።

ምንም አልመጣበትም። ሁለተኛውንም በላው። ያም ወጥመድ አልነበረበትም። ከብት ወደ ቤት ሳይመለስ የጣሰው ጠጠር አለቀ። ወይራምባዎች እልል አሉ።
፦ ቅድም ለምን አልበላኸውም? አለው ጣሰው ግራ ገብቶት። ከጠዋት ጀምሮ ክፍት ነበር እኮ።
፦ ፈርቼህ ነው አለው እንዳላማው።

ጣሰው ደረቱን ነፋ። ፈርቶኝ ነበር፣ ፈርቶኝ ነበር እያለ፣ የተሸነፈም ሳይመስል አገሩ ገባ።

የወይራምባ ከብት ጨፌው ላይ ተሰማራ። ላሞቹም ታለቡ። በገበያው ቀን እንዳላማው እንደ ልማዱ ወንዙን ተሻግሮ ዋለና፣ ሲመሽ እየዘፈነ ተመለሰ።
፦ አሸነፍካቸው እንዴ? አለችው ስንዱ።
፦ የለም፣ አሸነፉኝ።
፦ ታዲያ ምን ያዘፍንሃል?
፦ ዛሬ ላባቸውን እየጠረጉ ነው ያሸነፉኝ አላት።

በሉ ልጆቼ፣ እኔ እዚህ አደረስኳችሁ። ተረቴን መልሱ፤ ለአፌም ከትኩሱ ቂጣ ቁረሱ።