ማን አጠገብ ነው የምትቀመጠው?

ጸሎቱን ከመዝጋቴ በፊት ስሙኝማ፤ አንዲት ሴት ነበረች። ባሏን ከቀበረች ወዲህ ደጇ የሚመጣ የመብራት ቆጣሪ አንባቢው ብቻ ነው። እሱም ቁጥሩን አይቶ ይሄዳል፤ «ትንሽ አረፍ በል» እስክትለው እንኳ አይቆምም።

አንድ ቀን በጠዋት በሩ ተንኳኳ። ብትከፍት ኤፍራታ ናት፤ ያቺ የጎረቤት ልጅ፣ የስምንተኛ ክፍሏ ነገረኛ።

«እትዬ፣ ለዛሬ ብቻ እናቴ ይሁኑልኝ!»

«ምን ሆነሽ ደግሞ?»

«ወላጅ አምጪ ተባልኩ። አክስቴ ‹በአንቺ የተነሳ ከሥራ አልቀርም› አለች።»

የአክስቷን ስም አልጠራም። እዚሁ መሃላችን ስለተቀመጠች አይደለም፤ ሐሜት ኃጢአት ስለሆነ ነው።

ሴትዮዋ ምን አደረገች? ነጠላዋን አነሳች። ዋሸች ትሉኛላችሁ። አዎ፣ ዋሸች! ግን እስቲ ንገሩኝ፣ ለውሸትም ቢሆን «እናቴ» ያላት ማን አለ?

ርዕሰ መምህሩ ገና ወጣት ነው፤ ከረባቱ አንቆታል። «እናት፣ ልጅዎ መምህሩ ሰሌዳ ላይ ሲጽፍ እንደ ድመት ትጮሃለች። ወንበሩንም ሙጫ ቀብታበታለች። ድሮ ቢሆን ይሄኔ ተባርራ ነበር። አሁን ተማሪ በቀላሉ አይባረርም የሚል ደንብ መጣና እጃችንን አሰረው።»

እንግዲህ ወላጅ ሲጠራ ምን እንደሚያደርግ ታውቃላችሁ። እዚያው መምህራኑ ፊት ልጁን በጥፊ ያላጋል፤ «ዓይኗን ብቻ ተዉልኝ!» ብሎ ውልቅ ይላል። ኤፍራታም ጉንጯን አዘጋጅታ ቆማለች።

ሴትዮዋ እጇን አላነሳችም። «ልጄ፣» አለችው ርዕሰ መምህሩን፣ «ይቺ ልጅ ማን አጠገብ ነው የምትቀመጠው?»

«ማንም አጠገብ አትቀመጥም። ሌሎቹ በአንድ ዴስክ ሦስት ሦስት ናቸው፤ እሷን ግን ከጥምቀት ወዲህ ከኋላ ለብቻዋ አድርገናታል። ማንም እንዳያናግራትም ብለናል።»

 ለብቻ መቀመጥ ምን እንደሚያደርግ ሴትዮዋ ታውቃለች። ቤቱ ሰው ያለው እንዲመስል ሬዲዮ መክፈት ታውቃለች። ከግድግዳ ጋር ማውራት ታውቃለች። እኔስ እንደ ድመት ብጮህ ማን ዞር ይልልኝ ይሆን? አለች በሆዷ።

«ታዲያ አባርራችኋታል እኮ!» አለችው። «በሩን ዘጋችሁና እዚያው ውስጥ አባረራችኋት።»

«ታዲያ ማን እሺ ብሎ ከሷ ጋር ይቀመጣል?»

«እኔ!»

ክፍል ገብታ ኤፍራታ አጠገብ ተቀመጠች። ጉልበቷ ዴስኩ ስር አልገባ አለ። «ለኤፍራታ ሞግዚት መጣላት!» አለ አንዱ፤ ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። ኤፍራታ ግን ትከሻዋን ለጠፍ አድርጋባት ተቀመጠች። የዚያን ቀን ድመት አልጮኸችም።

በማግስቱም ሄደች። ዘበኛው «እማማ፣ ለትልቅ ሰው አይፈቀድም» ብሎ መለሳት። በዚያው ቀን፣ አንዲት ልጅ ማንም ሳያዛት ቦርሳዋን አንስታ ከኋላ፣ ኤፍራታ አጠገብ ሄዳ ተቀመጠች አሉ።

ሴትዮዋስ? ሴትዮዋማ ቤቷ ገብታ በሯን ዘጋች።

እናንተ ሰዎች! እኛ ከማኅበራችን ማንን አባረርን? ማንንም! ደንባችንም አይፈቅድም። ለመሆኑ ይቺ ሴት የማን ጎረቤት ናት? የኛ ናት እኮ! «የውሸት እናት» እያላችሁ ስትስቁባት ሰምቻለሁ፤ ወሬውንም ትኩስ ትኩሱን ያመጣችሁልኝ እናንተው ናችሁ። ስታወሩ ቤቷ የገባ አለ? ዛሬስ ለምን እዚህ የለችም? ማን ጠራት? አባረርናት? ኧረ አላባረርናትም! ዝም ነው ያልናት። ዝም ብሎ ማባረር የኛ ነው።

በሉ፣ ጸሎቱን አሁን አልዘጋም። ሁለት ሆናችሁ ተነሱና ቤቷ ሂዱ። ምን ታዩኛላችሁ? «ደህና ነሽ ወይ» ብላችሁ ከደጅ እንዳትመለሱ። ግቡ። ተቀመጡ። ፊት ለፊቷ አይደለም፣ አጠገቧ።